ከሎኮሞቲቩ ወደ ቴንደሩ፦ የሽቦ ማገናኛ ምርጫ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጎንደር፣ ኅዳር መጀመሪያ

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሞዴል የፕሩሲያ ምድር ባቡር ፒ8 ብሎ የሰየመው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው። እውነተኛው እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ ከ3,000 በላይ የተሠራ የመንገደኛ ባቡር ጎታች ሲሆን፣ ከኋላው የሚከተለው ቴንደር፣ ማለትም ከሰሉንና ውኃውን የሚሸከመው ጋሪ፣ 21.5 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዝ ነበር። የእኔው 87 ጊዜ የተቀነሰ ነው፤ በ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ያገለገለ ገዝቶ የላከው ነው። የማዘጋጀው ለአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሠርቶ ማሳያ ነው። ጎንደር ሐዲድ ያልደረሰባት ከተማ ስለሆነች ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ባቡርን የሚያውቁት በሥዕል ነው፤ ስለዚህ ሞዴሉ በመስታወት ሣጥን ተዘግቶበት የሚታይ ሳይሆን ተማሪዎቹ አንሥተው የሚያገላብጡት፣ ቴንደሩንም ነቅለው መልሰው የሚሰኩት መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለውን ውሳኔ ሁሉ የሚገዛው ይኸው ነው።

ሞዴሉ ሲሠራ የታሰበው ሐዲዱ ላይ በሚለቀቅ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ እንዲነዳ ነው፤ ቮልቱ ሲጨምር ይፈጥናል፣ ዋልታው ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። አሁን የምለውጠው ወደ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ነው። በዚህ ዘዴ ሐዲዱ ዘወትር 15 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ትእዛዙም በዚያው ኤሌክትሪክ ተጭኖ ይመጣል፤ ዲኮደር የሚባለው ትንሽ ቦርድ ትእዛዙን አንብቦ ሞተሩንና መብራቶቹን ያዛል። የቦይለሩ ሆድ በሞተሩና በክብደት ብረቱ የተሞላ ነው። ብረቱን ቆርጦ ለዲኮደሩ ቦታ ማበጀት ይቻላል፣ ይሁን እንጂ ሎኮሞቲቩ የሚጎትተው በክብደቱ ስለሆነ የተቆረጠው ብረት ሁሉ ከጉልበቱ ይቀነሳል። ባዶ ቦታ ያለው ቴንደሩ ውስጥ ነው፤ ዲኮደሩም ድምፅ ማጉያውም እዚያ ይገባሉ።

ከዚህ በኋላ ከሎኮሞቲቩ ወደ ቴንደሩ የሚሻገሩትን ሽቦዎች መቁጠር ቀላል ነው። ብርቱካናማውና ግራጫው የሞተሩ ናቸው። ቀዩ ከቀኝ ሐዲድ፣ ጥቁሩ ከግራ ሐዲድ ኤሌክትሪክ የሚለቅሙ ናቸው። ነጩ የፊት መብራቱ ነው፤ ሰማያዊው የመብራቶች ሁሉ የጋራ ፖዘቲቭ ነው። አረንጓዴው ደግሞ በእሳት ማንደጃው ውስጥ ፍሙን ለሚያስመስለው ትንሽ ኤልኢዲ ነው። ቀለማቱ በዲጂታል ሞዴል ባቡር ዓለም የተለመዱ ስለሆኑ እንዳሉ ጠብቄአቸዋለሁ፤ ወደፊት ሌላ ሰው ቢከፍተው ሳይጠይቅ ያነበዋል። በጠቅላላው ሰባት ናቸው። የኋላ መብራቱና ድምፅ ማጉያው ከዲኮደሩ ጋር ቴንደሩ ውስጥ ስላሉ መሻገር አያስፈልጋቸውም።

ይህ ችግር የሁሉም የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አይደለም። በምፅዋና በአስመራ መካከል በ950 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ይሠሩ የነበሩት፣ የጣሊያኑ ኩባንያ አንሳልዶ እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራቸው ማሌት የሚባሉት ሎኮሞቲቮች ውኃቸውንና ከሰላቸውን በራሳቸው አካል ላይ የሚሸከሙ ናቸው፤ ቴንደር የላቸውም። የእነርሱን ሞዴል የሚሠራ ሰው ይህን ማስታወሻ ማንበብ አያስፈልገውም። አንዳንድ ጊዜ እቀናበታለሁ።

ኅዳር አጋማሽ

ስለ ማገናኛ ከማሰቤ በፊት መረጋገጥ ያለበት ነገር ነበር። በቆዩ ሞዴሎች ላይ ከሞተሩ ሁለት ካርቦኖች አንዱ የሎኮሞቲቩን የብረት አካል ይነካል፤ አካሉ ደግሞ ከአንደኛው ሐዲድ ጋር የተገናኘ ነው። በቀድሞው አነዳድ ይህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ሽቦ ይቆጥባል። በዲጂታል ግን የሐዲዱ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ዲኮደሩ የሞተር መውጫ ይገባና ዲኮደሩን በቅጽበት ያቃጥለዋል። ስለዚህ ሞተሩን አውጥቼ ታችኛውን ካርቦን የሚይዘውን ቆርቆሮ ከአካሉ ለየሁት፤ በመካከሉም ስስ የፕላስቲክ ወረቀት አስገባሁ። ከዚያ በቴስተር እያንዳንዱን የሞተር ጫፍ ከቀኝ መንኮራኩር፣ ከግራ መንኮራኩርና ከአካሉ ጋር ለካሁ፤ የትም አልጮኸም። ከዚህ ልኬት በፊት ዲኮደር የሚያገናኝ ሰው ገንዘቡን በእሳት እየሞከረ ነው።

ሌላው መሠረታዊ ጉዳይ ኤሌክትሪክ የመልቀሙ ነው። ሎኮሞቲቩ እንዳይንሸራተት ከሚነዱት መንኮራኩሮች አንዳንዶቹ የጎማ ቀለበት ለብሰዋል፤ ጎማ የለበሰ መንኮራኩር ኤሌክትሪክ አይለቅምም። በበጋ የጎንደር አቧራ በየመስኮቱ ይገባል፤ ሐዲድ ላይ ሲተኛ ሞዴሉ እያነከሰ ይሄዳል። የቴንደሩ አራት ዘንጎች ሁሉ ሲለቅሙ ግን አንዱ ቆሻሻ ላይ ቢወጣ ሌላው ይተካዋል። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ በማገናኛው በኩል መሻገራቸው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ኅዳር መጨረሻ

እጩዎቹን ሰብስቤ በካሊፐር እየለካሁ ነው። በሹፌሩ ክፍል ወለል ሥር፣ በግራና በቀኝ ባሉት የአካል ብረቶች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ወርዱ 12 ሚሊሜትር ያህል ነው። ማገናኛው ከዚህ መጥበብ አለበት።

በተማሪዎች የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ላይ የሚዘወተረው፣ በፒኖቹ መካከል 2.54 ሚሊሜትር ርቀት ያለው ዝርግ፣ ማለትም ፒኖች በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት ማገናኛ፣ በሰባት ፒን ወደ 18 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ወዲያው ወደቀ። ጄኤስቲ የተባለው ማገናኛ አምራች ኩባንያ ፒኤች የሚለው ተከታታይ በ2 ሚሊሜትር ርቀት የተሠራ ነው፤ በአንድ ፒን 2 አምፔር ይሸከማል፤ የእኔ ሞተር በሙሉ ጭነትም ግማሽ አምፔር አይደርስም፣ ቢታገድ ወደ 1 አምፔር ይጠጋል። ስለዚህ አቅሙ የተትረፈረፈ ነው፣ ወርዱ ግን እርሱንም አያስገባውም። በአምፔር ብቻ የሚመርጥ ሰው ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ማገናኛ ይገዛል።

ከዚያው ኩባንያ ኤስኤች የሚባለው 1 ሚሊሜትር ርቀት ያለው ነው፤ 1 አምፔር ይችላል፤ ሰባቱ ፒን ከ9 ሚሊሜትር አይበልጥም። በተበላሹ የድሮን ቦርዶች ላይ ይገኛል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሰካ ተደርጎ የተቀረጸ ስለሆነ መገልበጥን ይከለክላል። ብዙ ሰው የሚመርጠው እርሱን ነው፤ እኔም ለመምረጥ ተቃርቤ ነበር። የተውኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሲነቀል የሚያዘው በሽቦው ነው፤ የሽቦዎቹ ጫፍ ደግሞ በሊድ ሳይሆን ተጨምቆ የተያዘ ቀጭን ቆርቆሮ ነው፤ ለማሳያ የሚሰለፉ ተማሪዎች ሁሉ እየጎተቱት ብዙ አይቆይም። ሁለተኛ፣ ያንን ቆርቆሮ በሚገባ የሚጨምቅ መሣሪያ እዚህ ስለማይገኝ ሽቦው አስቀድሞ የታሰረበትን ከመግዛት በቀር አማራጭ የለም፤ አብሮት የሚመጣው ሽቦ ደግሞ እኔ ከምፈልገው ይገትራል።

ፒያሳ ሞባይል የሚጠግነው ወጣት ማይክሮስኮፕ ስላለው ጥቃቅኑን ብየዳ እርሱ ዘንድ እሠራለሁ። ችግሩን ሲሰማ ከስልክ ቦርድ ላይ የስክሪን ማገናኛ ነቅሎ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ አርባ ፒን አለው፤ ከጥፍር ያንሳል» አለ። እውነቱን ነው፤ ሆኖም በፒኖቹ መካከል 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ያለው እንዲህ ያለ ማገናኛ የሚሠራው ፋብሪካው አንድ ጊዜ እንዲሰካው፣ ጠጋኙም ጥቂት ጊዜ እንዲነቅለው ታስቦ ነው። «አንተ በዓመት አንዴ የምትነቅለውን ተማሪ በቀን ሃያ ጊዜ ቢነቅለውስ?» ብለው ሳቀና መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

የቀረው ክብ ፒን ያለው፣ ለተቀናጁ ሰርኪውቶች መሰኪያ የሚያገለግለው ዓይነት ዝርግ ነው። ሴቴው ጉድጓድ ውስጥ ፒኑን ከአራት በኩል የሚጨብጡ የጸደይ ጣቶች አሉ፤ ወርቅ የተቀባ ስለሆነ አይዝግም፤ በሊድ የሚበየድ ስለሆነ ልዩ መጨመቂያ አይፈልግም፤ በመጋዝ እየቆረጡ የሚፈለገውን ያህል ፒን መውሰድ ይቻላል። የ1.27 ሚሊሜትሩ ሰባት ፒን 9 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል። ከአዲስ አበባ አስመጣሁት። ምርጫዬ እርሱ ነው።

ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ ምንም መለያ የለውም። ተገልብጦም ይገባል፣ አንድ ፒን ተንሸራትቶም ይገባል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

እንዳይገለበጥ ከመከልከል ይልቅ ቢገለበጥም የማይጎዳ ማድረግ ይሻላል የሚል አቋም አለኝ። ለዚህ አብነት የሆነኝ በአውሮፓ ሞዴሎች ላይ የተለመደው ኤንኢኤም 652 የተባለው ባለ 8 ፒን የዲኮደር መሰኪያ ነው። በሁለት ረድፍ አራት አራት ፒን ያለው ሲሆን ዞሮ ሲሰካ 1ኛው የ5ኛውን፣ 2ኛው የ6ኛውን፣ 3ኛው የ7ኛውን፣ 4ኛው የ8ኛውን ቦታ ይይዛል። 1ኛውና 5ኛው ሁለቱም የሞተር ናቸው፤ 4ኛውና 8ኛው ሁለቱም የሐዲድ ናቸው፤ 2ኛውና 6ኛው የኋላና የፊት መብራት ናቸው። ስለዚህ መሰኪያው ቢገለበጥ የሞተሩ ሽቦ ከሞተር፣ የሐዲዱም ከሐዲድ ጋር ይገናኛል፤ የሚደርሰው ነገር ቢኖር መብራቱ እምቢ ማለቱና ሎኮሞቲቩ ወደ ተቃራኒው መሄዱ ብቻ ነው። ያን ቅደም ተከተል ያወጣው ሰው የሰውን እጅ ያውቅ ነበር።

በአንድ ረድፍ ሰባት ፒን ላይ ይህንኑ ለማድረግ ጥንዶቹን ከመካከል ወደ ዳር በትይዩ መደርደር ያስፈልጋል። የወሰንኩት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ብርቱካናማ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ። ቢገለበጥ ብርቱካናማው ከግራጫው፣ ቀዩ ከጥቁሩ ጋር ይለዋወጣል። በዲጂታል ሐዲድ ላይ ቀኝና ግራ መለዋወጡ ለውጥ አያመጣም፤ የሞተሩ መለዋወጥ አቅጣጫን ብቻ ይቀይራል። አረንጓዴው መካከል ስለሆነ ራሱ ቦታ ላይ ይቀራል። የሚያሳስበው የነጩና የሰማያዊው ጥንድ ነው፤ ሲለዋወጡ የፊት መብራቱ ኤልኢዲ ላይ 14 ቮልት ያህል በተቃራኒ ይወድቅበታል፤ አብዛኞቹ ኤልኢዲዎች ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ከ5 ቮልት በላይ እንዳይደርስባቸው ይመከራል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በኤልኢዲው ሁለት እግሮች ላይ 1ኤን4148 የተባለውን፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዳዮድ በግልባጭ መበየድ። ተቃራኒው ኤሌክትሪክ በዳዮዱ ያልፋል፤ ኤልኢዲው ላይ ከ1 ቮልት በታች ይቀራል፤ ከኤልኢዲው ጋር በተከታታይ ያለው አንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተርም ከ15 ሚሊአምፔር በላይ እንዳይፈስ ያግዳል።

በቦርድ ላይ ሰክቼ ሆን ብዬ ስገለብጠው ያየሁት ደስ የሚል ነው። የፊት መብራቱ ቁልፍ ሳይነካ የእሳቱ ቁልፍ ሲበራ ፍሙ ይታያል፣ ግን ከወትሮው ደብዘዝ ይላል። ምክንያቱ የጋራው ፖዘቲቭ አሁን በነጩ ሽቦ በኩል ገብቶ፣ በዚያ ግልባጭ ዳዮድ አልፎ፣ የሁለቱን ኤልኢዲዎች ሬዚስተሮች አቋርጦ ወደ እሳቱ ስለሚደርስ ነው። የፊት መብራቱ ሲታዘዝ ደግሞ መብራቱ ሳይበራ እሳቱ ይጠፋል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም፦ መብራት ስታበራ እሳት ከጠፋ ማገናኛው ተገልብጧል ማለት ነው።

መንሸራተት ሌላ ጣጣ ነው። በአንድ ፒን ቢንሸራተት የሐዲዱ ኤሌክትሪክ የሚገባው ወደ መብራት መውጫ ወይም ወደ ጋራው ሽቦ ነው፤ ይህም ዲኮደሩን ሊጎዳ ይችላል። ወደ ሞተር መውጫው፣ ማለትም ፈጽሞ ሊደርስ ወደማይገባው ቦታ፣ የሚደርሰው ግን በሁለት ፒን ሲንሸራተት ነው። የሐዲዱን ሽቦዎች ከሞተሩ ያራቅኋቸውም ለዚህ ነው። ቢሆንም ይህ በቅደም ተከተል የሚፈታ ስላልሆነ በሴቴው ግራና ቀኝ ግድግዳ ያስፈልገዋል። ጊዜው ካለፈበት የባንክ ካርድ ቆርጬ ለጠፍኩ፤ የካርዱ ውፍረት 0.76 ሚሊሜትር ስለሆነ ሁለቱ ግድግዳዎች ተጨምረው እንኳ ወርዱ ከ11 ሚሊሜትር አያልፍም። ወንዴው በመካከላቸው ካልገባ በቀር አይሰካም።

ታኅሣሥ መጨረሻ

የሽቦው ነገር ከማገናኛው ይበልጥ ጊዜ ወስዷል፤ ሊወስድም ይገባዋል። ቴንደሩ ቀላል ነው። ሰባት ገታራ ሽቦዎች ከሎኮሞቲቩ ወጥተው ሲገቡበት እንደ ጸደይ ይገፉታል፤ የፊተኛው መንኮራኩር ከሐዲዱ ይነሣል፤ በተለይ ወደ ኋላ እየተገፋ ጥምዝ ላይ ሲገባ ይወጣል። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ዝርግ ኬብል በቅድሚያ ተሞከረ፤ ቀለሙ ያምራል፣ ነገር ግን በፕላስቲክ የተሸፈነው ሽቦ ሲጠማዘዝ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ከትራንስፎርመር የተፈታ ቫርኒሽ ቅብ ሽቦ ደግሞ ቀጭን ቢሆንም አንድ ወጥ መዳብ ስለሆነ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ውሎ ይሰበራል። የተሻለው የሲሊኮን ሽፋን ያለው፣ በውስጡ ብዙ ፀጉር መሰል ክሮች የተጠመጠሙበት፣ በአሜሪካ መለኪያ 32 ቁጥር የሆነው ሽቦ ነው፤ የመዳቡ ውፍረት 0.2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጣት ላይ ሲጣል እንደ ክር ይወድቃል። ድክመቱ ሽፋኑ በቀላሉ መቀደዱ ነው፤ ሹል የብረት ጠርዝ ባለበት ሁሉ ጠርዙን በሞረድ ማለስለስ ግድ ነው።

የመውጫው ቦታም የሽቦውን ያህል ዋጋ አለው። ሁለቱን አካላት የሚያያይዘው መጎተቻ ዘንግ የሚዞርበት ችንካር አለ፤ ሽቦዎቹ ከዚያ ችንካር አጠገብ ሲወጡ በጥምዝ ላይ ርዝመታቸው እምብዛም አይለወጥም፤ ከዳር ሲወጡ ግን በአንደኛው ጥምዝ ይወጠራሉ፣ በሌላው ይንጠለጠላሉ። ያለኝ ጠባቡ ጥምዝ 360 ሚሊሜትር ሬዲየስ አለው። ሽቦዎቹን በዚያ ጥምዝ ላይ አቁሜ ለካሁ፤ ጥቂት ላላ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ሐዲዱን እንዳይነኩም ከወለሉ ሥር በስስ ቀለበት አነሣኋቸው።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

በበዓሉ ሰሞን ሥራ አልነበረም። አሁን ብየዳው አልቋል። ወንዴውና ሴቴው ተሰክተው ሳለ ነው የሚበየዱት፤ ለየብቻ ከተበየዱ በካውያው ሙቀት ፕላስቲኩ ይለሰልስና ፒኑ ያዘነብላል፣ ከዚያ በኋላ አይገጥምም። ጫፉ የቀጠነ ካውያ፣ ጥቂት ፍለክስ፣ በእያንዳንዱ ፒን ላይ አጭር ጊዜ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ከመሄድ ይልቅ ከሌላው ዳር መጀመር ሙቀቱ እንዳይጠራቀም ይረዳል። በየብየዳው ላይ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ አለበስኩ፤ በመጨረሻም የሽቦዎቹን ሥር ከወንዴው ጀርባ ጋር በሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ አጣበቅኩ። ከዚያው የባንክ ካርድ የተቆረጠች ትንሽ ጆሮ ወንዴው ላይ ቀጥያለሁ፤ የሚጎተተው ጆሮው እንጂ ሽቦው አይደለም።

ሴቴው የቱ ጋ ይሁን የሚለው ክርክር ያስነሣል። የተለመደው ደንብ ኤሌክትሪክ ያለበት ወገን ሴቴ ይሁን የሚል ነው፤ የተጋለጠ ፒን ሌላ ብረት እንዳይነካ። እዚህ ግን ሎኮሞቲቩም ቴንደሩም በየራሳቸው መንኮራኩር ከሐዲዱ ስለሚለቅሙ ሐዲድ ላይ እስካሉ ድረስ ሁለቱም ኤሌክትሪክ አለባቸው። ሴቴውን ቴንደሩ ላይ ያደረግኩት ዲኮደሩ ያለው እዚያ ስለሆነና ከሁሉ የሚወደደውም እርሱ ስለሆነ ነው። ለተማሪዎቹ የሚነገረው ደንብ ደግሞ አንድ ነው፦ ቴንደሩ የሚነቀለውም የሚሰካውም ከሐዲድ ከተነሣ በኋላ ነው።

የካቲት መጀመሪያ

ፒ8 በጥምዙ ላይ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይወጣ ይሄዳል። ቀለሙ በሁለት ቀጭን እጅ ተቀብቷል፤ ስለ እርሱ የሚጻፍ ነገር የለም። ማገናኛውን በንጹሕ አልኮል በተነከረ ብሩሽ እየጠረግሁ አቧራ የሚገባበትን መጠን እየተከታተልኩ ነው፤ ጉድጓዶቹ ወደ ታች እንዲያዩ መደረጋቸው የሚረዳ ይመስላል።

ቀጣዩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ የተሠራው 52 የሚባለው ሎኮሞቲቭ ነው። ቴንደሩ 30 ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ ሆዱ እንደ ገንዳ የከበበ ሲሆን በወለሉ ሥር ሰፊ ቦታ አለው፤ ስለዚህ የ2.54ቱ ክብ ፒን ዝርግ ይገባለታል፤ ለመበየድም ይቀላል። ዝርጉ ሲቆረጥ መጋዙ አንዱን ፒን ስለሚበላ ለሰባት ፒን ስምንት ይቆጠራል። የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል በፒ8 ላይ ያለው ራሱ ይሆናል፤ የፒኖቹ ርቀት ስለሚለያይ የአንዱ ቴንደር ከሌላው ሎኮሞቲቭ ጋር በስሕተት አይሰካም። ለእሳቱ ኤልኢዲም ግልባጭ ዳዮድ እጨምርለታለሁ፤ በፒ8 ላይ አላስፈለገም፣ ሆኖም ዳዮዱ ርካሽ ነው፣ የ52ቱን ማንደጃ ደግሞ አንዴ ከተዘጋ በኋላ መልሶ መክፈት አድካሚ ነው።